ፈረሱ ቆጥሮ ነበር ወይ? ሥነ ልቦና ሳይንስ ነው፣ አይደለም በሚለው ክርክር ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራንና የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁ ምን እንደሚማሩ ለመስማት አብራችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «ሥነ ልቦና ሳይንስ ነው ወይ?» የሚል ነው፤ የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ አርባ ደቂቃ ነው። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ስለሆነ በአርባ ደቂቃ እንደማልጨርሰው አስቀድሜ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

ሦስት ነገሮችን ላነሣ አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ጥያቄው ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ የሚነቅፉን ሰዎች የቱ ላይ እውነት አላቸው? ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ እዚህ አገር የምንሠራውን እኛን እንዴት ይመለከተናል? ሁለተኛው ላይ ከሌሎቹ ይልቅ እንደምቆይ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔን የሚያመኝ እሱ ነውና።

ነገሩን ከቤቴ ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረው ሥነ ልቦና መሆኑን ለእናቴ የነገርኋት ቀን፣ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። «የሰውን ጠባይና አስተሳሰብ ማጥናት ነው» አልኋት። ወሬው ሰፈሩን እስኪያዳርስ ቃሉ ተለውጦ፣ እኔ የሰው ልብ የማነብ ሰው ሆኜ አረፍሁት። ለዕረፍት በተመለስሁበት ክረምት አንዲት ጎረቤታችን የቤት ሠራተኛቸውን እጇን ይዘው ከደጃችን ደረሱ። የወርቅ የጆሮ ጌጥ ጠፍቶባቸው ኖሯል። «ልጄ፣ እስቲ ዓይኗን እየውና ንገረኝ» አሉኝ። ልጅቷ ከዐሥራ አምስት ዓመት አትበልጥም፤ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጠቀልላለች። «እትዬ፣ እኔ ይህን አላውቅም» አልኋቸው። «ታዲያ እዚያ ድረስ ሄደህ ምንድን ነው የምትማረው?» ብለውኝ ልጅቷን እየጎተቱ ሄዱ። የጆሮ ጌጡ ይገኝ አይገኝ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በአያቶቻችን ዘመን ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሌባ ሻይ ነበረ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሌባ ሻዩ ተሳስቶ ቢሆን በምን ይታወቅ ነበር? ሰውየው «አልሰረቅሁም» ቢል፣ ሌባ መቼ አምኖ ያውቃል ይባላል። ጨንቆት ቢያምን ደግሞ፣ ይኸው አመነ ይባላል። በየትኛውም በኩል ልጁ ልክ ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህች ጥያቄ ይመለሳል፦ ተሳስተህ ቢሆን በምን ይታወቅ ነበር?

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። የሙያችን ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ጀርመን ውስጥ ላይፕሲክ ከተማ ነው። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ያቋቋመው እዚያ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንድ ሰው ድምፅ ከሰማበት ቅጽበት አንሥቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ በሰከንድ ሺኛ ይለኩ ነበር። የፊዚክስ ሰዎች መሣሪያ፣ የፊዚክስ ሰዎች ጥንቃቄ፣ ምናልባትም የፊዚክስ ሰዎች ቅናት ነበረበት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1892፣ አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ የራሱን ግዙፍ ሥራ አሳጥሮ ለተማሪዎች ባወጣው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለዚሁ ሙያ «ይህ ሳይንስ አይደለም፤ የሳይንስ ተስፋ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ልብ በሉልኝ፤ ይህን የተናገረው ጠላታችን አልነበረም፤ ከሙያው አባቶች አንዱ ነበር።

የፊዚክስ መምህር የሆነ አንድ ወዳጅ አለኝ። ቡና በጠጣን ቁጥር «የእናንተ ኒውተን መቼ ነው የሚወለደው?» ይለኛል። «አንተ የምታጠናው ድንጋይ እየተጠና መሆኑን አያውቅም፤ የእኔ ድንጋይ ግን ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምን ልመልስለት ብሎም ያስባል» እለዋለሁ። ይስቃል። መልሴ ጥሩ ቀልድ ነው፤ ማምለጫም ነው። የምናጠናው ነገር ከባድ መሆኑ ያገኘነው ነገር እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ከወዳጄ ጠንከር ያለውን ጥያቄ ያቀረበው የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር ነው። ፖፐር በ1919 ቪየና ውስጥ ገና ወጣት ሳለ ከታዋቂው አልፍሬድ አድለር ጋር ሆኖ ችግረኛ ልጆችን ይረዳ ነበር። ሰውን የሚነዳው የበታችነት ስሜት ነው የሚለው ንድፈ ሐሳብ የአድለር መሆኑን ታውቃላችሁ። ፖፐር በኋላ እንደ ጻፈው፣ አንድ ቀን ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ብዙም አይሄድም ብሎ ያሰበውን የአንድ ልጅ ጉዳይ ለአድለር ነገረው። አድለር ልጁን በዓይኑ እንኳ ሳያየው ወዲያውኑ በበታችነት ስሜት ተረጎመለት። «እንዴት እንዲህ እርግጠኛ ሆኑ?» ቢለው «ከሺህ ጊዜ ልምዴ» አለው። ፖፐርም «እንግዲህ በዚህኛው ልምድዎ ሺህ አንድ ሆነ ማለት ነው» ሲል መለሰለት።

በዚያው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የፀሐይ ግርዶሽን ጠብቀው የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አይንሽታይን አስቀድሞ በቁጥር በተናገረው መጠን መጉበጡን አለመጉበጡን ለኩ። ባይጎብጥ ኖሮ አይንሽታይን ጉድ ይፈላበት ነበር። አድለርስ? ምን ቢታይ ጉድ ይፈላበት ነበር? ፖፐር ሁለት ሰዎችን ይዞ ነገሩን ያሳያል፤ አንደኛው ሕፃን ልጅ ሊያሰምጥ ወደ ውኃ የሚገፈትር ነው፣ ሁለተኛው ሕፃኑን ለማዳን ራሱን የሚሠዋ ነው። አድለር ሁለቱንም በበታችነት ስሜት ያስረዳል፤ የሥነ ልቦና ትንተና አባት የሚባለው ፍሮይድም ሁለቱንም በራሱ መንገድ ያስረዳል። ነገሩ ካለፈ በኋላ የማይገለጽ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

እኔ ፖፐር በዚህ ላይ ልክ ነበር እላለሁ። ያልተስማማሁት ከዚያ ተነሥተው «እንግዲያው ሥነ ልቦና ሳይንስ አይደለም» በሚሉት ላይ ነው፤ ሰዎቹ የሚያውቁት ሥነ ልቦና ድንክ አልጋ ላይ ከተኛ ሕመምተኛና ጺሙን ከሚዳብስ ሐኪም አያልፍምና። ለዚህ መልስ የሚሆነኝን ታሪክ ከአንድ ፈረስ ላይ አመጣዋለሁ። ትንሽ ልቆይበት፤ በጣም እወደዋለሁ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሃንስ የተባለ ፈረሳቸውን ሒሳብ አስተማሩት። ሰባትና አምስት ስንት ነው ሲባል ሃንስ በኮቴው መሬቱን ዐሥራ ሁለት ጊዜ ይመታል። ክፍልፋይ ይደምራል፤ ቀንና ሰዓት ይናገራል። ሰውየው ገንዘብ አያስከፍሉም፤ አታላይም አልነበሩም። በ1904 የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሽቱምፍ የመሩት፣ የሰርከስ ባለሙያ ሳይቀር ያለበት ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ ማጭበርበር የለበትም አለ። እንዲያውም ባለቤቱ በሌሉበት ሌላ ሰው ቢጠይቀው ፈረሱ ይመልስ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ምን እንል ነበር? ሺህ ሰው አይቷል፣ ኮሚሽን መስክሯል፣ ፈረሱ ይቆጥራል እንል ነበር።

የሽቱምፍ ተማሪ የነበረው ኦስካር ፕፉንግስት ግን የእኛን ጥያቄ ጠየቀ። ፈረሱ ባይቆጥር ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር? ድንኳን ተክሎ ተመልካቹን አራቀ። ከዚያም ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ ጠያቂው ራሱ ሳያየው ለፈረሱ እንዲቀርብ አደረገ። ፈረሱ ፈተናውን ወደቀ። ቀጥሎ ጠያቂው መልሱን እያወቀ፣ ፈረሱ ግን ጠያቂውን እንዳያይ የዓይን ከለላ አደረገለት። አሁንም ወደቀ። ለካስ ጠያቂው ጥያቄውን ሲጨርስ ኮቴውን ለማየት ራሱን በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ፈረሱ መምታት ይጀምራል። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን ለዓይን በሚያስቸግር መጠን ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱም ያቆማል። የሚገርመው፣ ፕፉንግስት ይህን ካወቀ በኋላ እንኳ የራሱን እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ መግታት አቃተው። ስለዚህ ሌላ ሙከራ አደረገ። ሰዎች በልባቸው ቁጥር እንዲይዙ እያደረገ እሱ እንደ ፈረሱ በእጁ ጠረጴዛ መታ፤ የአብዛኞቹን ቁጥር ፊታቸውንና ራሳቸውን እያየ ብቻ ዐወቀው።

ውጤቱን በ1907 አሳተመ። ፎን ኦስተን ተቆጡ እንጂ አላመኑም። እኛ ግን ከዚያ በረት ሁለት ነገር ይዘን ወጣን። ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ ሰው ደግሞ አፉን ዘግቶም ይናገራል። ዛሬ አንድ መድኃኒት ሲፈተን እውነተኛውን ክኒን ማን እንደ ወሰደ ሐኪሙም ሕመምተኛውም እንዳያውቁ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሳይፈልግ ይናገራልና። አሁን ልጠይቃችሁ፤ በዚያ በረት ውስጥ የተሠራው ሳይንስ ካልሆነ ምን ይባላል?

እስቲ አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ እንሥራ። ከፊት የተቀመጥሽው ልጄ፣ ይህን ወረቀት ተመልከቺልኝ። የተጻፈውን እንዳታነቢው፤ የተጻፈበትን ቀለም ብቻ ቶሎ ቶሎ ጥሪልኝ።

(ተማሪዋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በትክክል ከጠራች በኋላ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈው «ቀይ» የሚል ቃል ላይ ስትደርስ «ቀ… ኧ… አረንጓዴ» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ።)

አትፈሪ፤ እኔም ስሠራው እንዲሁ ነው የምሆነው። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ይህን በ1935 አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ስንትና ስንት ቋንቋ ተሞክሮ፣ ማንበብ የለመደ ሰው ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊም ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃሉ እየያዘ፣ ምን ያህሉን በስንት ሰዓት እንደሚረሳ ራሱ ላይ ለክቶ በ1885 አሳተመ። በ2015 አምስተርዳም ውስጥ አንድ ሰው ይህንኑ ሥራ ሰባ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ደገመው፤ የመርሳቱ መስመር ከ130 ዓመት በፊት የተሣለውን ተመስሎ ወጣ። ስለዚህ ወዳጄ ሕጋችሁ የታለ ሲለኝ እነዚህን እጠራለታለሁ። (የኔታ ግን ያለ ሰዓትና ያለ ሰንጠረዥ ያውቁት ነበር፤ ትናንት የተቀጸለውን ዛሬ ሳያስደግሙ አዲስ አይሰጡም።)

አሁን ወደሚያመኝ ቦታ ደርሻለሁ። የሚነቅፉን ሰዎች የቱ ላይ እውነት አላቸው?

በ2011 ዳሪል ቤም የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ዘጠኝ ሙከራዎች ከሙያው እጅግ ከተከበሩት መጽሔቶች በአንዱ ላይ አሳተሙ። ጥናቱ ሰው ገና ያልሆነውን ነገር አስቀድሞ ሊሰማው ይችላል የሚል ነበር። በአንደኛው ሙከራ ሥዕሉ ከሁለት መጋረጃዎች ከየትኛው በስተጀርባ እንደሚወጣ ተሳታፊዎቹ ከመቶ 53 ያህሉን ጊዜ በትክክል ገመቱ፤ በዕድል ቢሆን 50 ነው። ብዙዎቻችን ሳቅን። ጥቂቶች ግን ደነገጡ፤ የደነገጡት ትክክል ነበሩ። ፕሮፌሰሩ የተጠቀሙበት ዘዴ ሁላችንም የምንጠቀምበት ዘዴ ነበርና። በዚህ ዘዴ ነቢይነት ከተረጋገጠ፣ በዚሁ ዘዴ «የተረጋገጠው» ሌላው ሁሉ ምን ሊሆን ነው?

በዚያው ዓመት ሦስት ተመራማሪዎች አንድ የታወቀ የእንግሊዞች ዘፈን መስማት ሰውን በዕድሜ ወጣት እንደሚያደርግ፣ ስሜቱን ሳይሆን ዕድሜውን ማለቴ ነው፣ በተለመደው የስታትስቲክስ ስሌት «አረጋግጠው» አሳተሙ። ሆን ብለው ነው። የተለመደው አሠራር ምን ያህል ልቅ እንደሆነ ሊያሳዩን ነው። ምሥጢሩ ረቂቅ አይደለም። በአንድ መንደር ሃያ ሰዎች ዝናብ የሚጥልበትን ቀን ቢተነብዩ አንዱ በዕድል ይሳካለታል። እሱ ብቻ አደባባይ ወጥቶ ሲናገር ነቢይ ይባላል፤ የቀሩትን ዐሥራ ዘጠኙን ማን ይቆጥራቸዋል? ተመራማሪውም እንዲሁ ነው። አምስት ነገር ይለካል፣ ሦስቱን ይተዋል፤ ውጤቱ ካልጣመው ዐሥር ሰው ይጨምራል፤ ከጣመው ያቆማል፤ በመጨረሻ የተሳካውን ብቻ ይጽፋል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያደርገው ሊዋሽ ብሎ አልነበረም፤ መምህሩ እንዲህ ስላስተማረው ነበር። እኔም እንዲህ ነው የተማርሁት። እንዲህም አስተምሬያለሁ።

በ2015 በብራያን ኖሴክ አስተባባሪነት 270 ያህል ተመራማሪዎች ተሰባስበው ቀድሞ የታተሙ አንድ መቶ ጥናቶችን እንደገና ሠሩ። በመጀመሪያ ሲታተሙ ከመቶ 97 ያህሉ ትርጉም ያለው ውጤት አግኝተናል ብለው ነበር፤ ሲደገሙ 36 ብቻ ሆኑ። በዓመቱ፣ ራስን መግዛት እንደ ጡንቻ ይደክማል የሚለው በጣም የታወቀ ሐሳብ በ23 ቤተ ሙከራዎች፣ ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ይህን ሐሳብ እኔ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለተማሪዎቼ አስተምረው ነበር፤ ምሳሌው ይጥማቸዋል፣ እኔም ሲጥማቸው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የጣፋጩ ነገር ነው። ታውቁታላችሁ፤ በስታንፎርድ ዋልተር ሚሼል የሠሩት ጥናት ነው። ማርሽሜሎ የሚባለውን ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ለሕፃኑ ይሰጡትና፣ እስክመለስ ሳትበላ ከቆየህ ሁለት ታገኛለህ ይሉታል። የጠበቁት ልጆች አድገው በትምህርት የተሻሉ ሆኑ ተባለ። እኔ ይህን ለዐሥራ አንድ ዓመት አስተማርሁ። ለወላጆች ስብሰባም ተጋብዤ ተናግሬዋለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሁለተኛው እንደሚመጣ ልጁ በምን ያውቃል?» አለኝ። አልገባኝም። «እኛ ቤት ሰባት ልጆች ነን፤ ለነገ ብሎ ያስቀመጠ ሰው ነገ አያገኘውም» ሲለኝ ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ወደ ቀጣዩ ርእስ አለፍሁ። አዎን፣ አለፍሁ።

ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ሮቸስተር ላይ ሌሎች ሰዎች ጠይቀውት ኖሯል፤ ውጤቱን በ2013 አሳተሙ። ሃያ ስምንት ሕፃናትን ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ የተሻለ ቀለምና ተለጣፊ ሥዕል አመጣለሁ ያለው ሰው ቃሉን ጠብቆ አመጣ፤ ለግማሾቹ ባዶ እጁን ተመልሶ የለም አለ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቁ፤ ቃል የታጠፈባቸው ሦስት ደቂቃ። በ2018 ደግሞ ከዘጠኝ መቶ በላይ ልጆች የተከታተለ ጥናት የጣፋጩ ፈተና ስለ ኋላው ትምህርት የሚናገረው ከተባለው በጣም ያነሰ እንደሆነ፣ የቤተሰቡ ኑሮ ሲታሰብበትም ይበልጥ እንደሚቀንስ አሳየ። በዚሁ ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ካሜሩን ውስጥ የንሶ ገበሬዎችን የአራት ዓመት ልጆች ከጀርመን መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ጋር አስተያየ። ለካሜሩኖቹ የቀረበው ፑፍ ፑፍ የሚሉት፣ የእኛን ቦምቦሊኖ የመሰለ ነው። ከንሶ ልጆች ሰባ በመቶ ያህሉ እስከ መጨረሻ ጠበቁ፤ ከጀርመኖቹ ሠላሳ በመቶ እንኳ አልሞሉም። ያን ተማሪ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ተመርቆ ሄዷል።

እንግዲህ የፊዚክሱ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አላልሁህም?» ብሎኛል። ታዲያ እኔም ጠየቅሁት፦ እነዚህን ጥናቶች ማን አፈረሳቸው? የፊዚክስ ሰዎች ናቸው? ጋዜጠኞች ናቸው? ያፈረሷቸው የሥነ ልቦና ሰዎች ናቸው፤ በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው ስም፣ አንዳንዴም የገዛ መምህራቸውን ሥራ እየደገሙ። ሌሎቹስ ሙያዎች? በ2012 የአንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች በነቀርሳ ላይ የተሠሩ 53 ታላላቅ ጥናቶችን ደግመው ውጤቱ የጸናው የስድስቱ ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። ሕክምና ሳይንስ አይደለም ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ይህን የምለው «ሌላውም ያጠፋል» ብዬ ለማምለጥ አይደለም። ዛሬ በርካታ መጽሔቶች ተመራማሪው መላምቱንና ዘዴውን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት እንዲያስመዘግብ፣ ውጤቱ ወደየትም ቢሄድ እንዲታተም ያደርጋሉ። ሃያዎቹም ተንባዮች ትንቢታቸውን ከዝናቡ በፊት በጽሑፍ ያስገቡ እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ የሙያውን ስም ይዞ ሳይንስ ነው አይደለም ማለት ለእኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። የስትሩፕ ወረቀት ሳይንስ ነው፤ የፕፉንግስት በረት ሳይንስ ነው፤ የአድለር ሺህ አንደኛ ልምድ አይደለም፤ የእኔ የዐሥራ አንድ ዓመት የጣፋጭ ስብከትም ሳይንስ አልነበረም። አራቱም በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ታትመው ይገኛሉ።

ሦስተኛው ነጥብ እኛን የሚመለከተው ነው፤ ሰዓቱም እየገሰገሰ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። በ2008 የታተመ አንድ ዳሰሳ በስድስት ታላላቅ የሙያው መጽሔቶች ላይ በታተሙ ጥናቶች የተሳተፉት ሰዎች ከመቶ 96ቱ ከምዕራባውያንና በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ አገሮች የመጡ መሆናቸውን፣ እነዚህ አገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ብቻ እንደሚይዙ አሳይቷል። «ሰው እንዲህ ነው» ተብሎ የተጻፈልን፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳይነገረን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በየሆቴሉ አዳራሽ «ማንነትህን እንንገርህ» የሚሉ ሥልጠናዎች በዝተዋል። መጠይቅ ይሞላል፣ ውጤት ይታደላል፣ ሰውም «እንዴት ዐወቁኝ!» እያለ ይወጣል። በርትራም ፎረር የተባሉ አሜሪካዊ መምህር በ1948 ለ39 ተማሪዎቻቸው የጠባይ ፈተና ሰጥተው፣ በሳምንቱ ለእያንዳንዱ «የአንተ ውጤት ነው» ብለው ጽሑፍ አደሉ። ተማሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከአምስት ከአራት በላይ ሰጡት። ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ የተቀዳውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። እኛም ኮከብ ቆጣሪ አናጣም፤ ስምህንና የእናትህን ስም ፊደል ደምሮ፣ ለዐሥራ ሁለት ገድፎ፣ «ኮከብህ ሚዛን ነው፤ ለሰው ታዝናለህ፣ ሰው ግን አያዝንልህም» ይልሃል። ለሰው አዝናለሁ፣ ሰው ግን አያዝንልኝም የማይል ማን አለ? እስቲ እጁን ያውጣ። (ሳቅ) ይኸው፣ ማንም የለም።

ከእነዚህ ጋር የማይደመር ሥራ እየተሠራ መሆኑንም ልናገር። የአገራችን ተመራማሪዎች ለድብርት የሚያገለግለውን መጠይቅ ተቀብለው እንዳለ ከመጠቀም ይልቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥም በቡታጅራ ገጠርም በመጠይቁ የተገኘውን ውጤት ሕመምተኞቹን ባለሙያዎች በአካል ከመረመሯቸው ውጤት ጋር አስተያይተዋል። አሰልቺ ሥራ ነው። ዜና አይሆንም፤ ሽልማትም አያስገኝም። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀመጥ።

ከተመረቅሁ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሌላ ሰው ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ወጥቼ ነበር። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፤ እኛ ማንበብና ቁጥር መክበብ ብቻ ነበር የታዘዝነው። ከአንድ ጎጆ ደጃፍ አንዲት እናት ሰፌድ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አነበብሁላቸው፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ስንት ቀን ተሰምቶዎታል?» ቀና ብለው አዩኝ። «ወግድ!» አሉኝ። «ተስፋ የሚቆርጥ እግዜር የሌለው ሰው ነው።» እንግዲህ ምንም ቀን አልተሰማቸውም ማለት ነው። ዜሮን ከበብሁ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ላልፍ ስል ራሳቸው ቀጠሉ። ልጃቸው ለፋሲካ ሊመጣ ሲል ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም አሉኝ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፣ ዶሮ ሲጮኽ ልቤን እሳት ይበላዋል አሉኝ። ይህን የምጽፍበት ሣጥን ፈልጌ ወረቀቱን አገላበጥሁ። አልነበረም። ከሣጥን ውጭ ምንም እንዳይጻፍ ተብለናል።

ወረቀቱ ላይ ዜሮው አለ፤ የከበብሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው ሰፌዳቸውን አንሥተው ማበጠራቸውን ቀጠሉ።

ስለ ትዕግሥታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።